ከድምፄ በኋላ የሚመጣው ዘፈን

በዚያ ጊዜ ልጁ ግንባር ያለ እናት፣ ደብዳቤ ከምታስጽፍ በካሴት መናገር ትመርጥ ነበር። ድምፅ እንደ ወረቀት አይደለም፤ ሳሏ ሳይቀር ይደርሳል። እኔ ደግሞ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ስለሆንኩ ጽሑፌን አላምነውም ነበር።

ወንድ ልጄን ለብሔራዊ ውትድርና ከወሰዱት ስምንት ወር ሆኖታል። ሸዋሮቢት ካለው ቤታችን አንዱን ክፍል የተከራየው፣ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ቴፕ አለው። "እትዬ፣ ከካርቶኑ ውስጥ ካሉት አሮጌ ካሴቶች ያሻዎትን ይውሰዱ" ብሎኛል። እሱ ትምህርት ቤት ሳለ ሴት ልጄ አንዱን መረጠችና አዲስ ድምፅ እንዲቀበል ጠርዙ ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በፕላስተር ደፈነችልኝ። እግርህን ከእርጥበት ጠብቅ፣ ውሃ ስትጠጣ ቀስ በል፣ ከማንም ጋር ነገር አትግጠም አልኩት። ዝናቡ እንደዘገየ፣ ማሽላው እንደጠወለገ ነገርኩት። የምለው ሲያልቅብኝ "በል ደህና ሁን" ብዬ አበቃሁ። ካሴቱንና አንድ ጥንድ ካልሲ፣ ከዕረፍት ልጄ ወዳለበት ጦር ለሚመለስ የጎረቤት ልጅ ሰጠሁት።

በሦስተኛው ቀን መምህሩ ካርቶኑን ሲያገላብጥ ቆየና ከክፍሉ ወጣ።

"እትዬ፣ ያን ሽፋን የሌለውን ነው የወሰዳችሁት?"

"አዎ። አሮጌ ነው ብለኸን የለ?"

"ስንት ደቂቃ ተናገሩበት?"

"እኔ ደቂቃ እቆጥራለሁ? እስኪደክመኝ ነዋ።"

"ጎኑ ሞላ?"

ሴት ልጄ አልሞላም አለችው። መምህሩ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንግዲያው እርስዎ ካቆሙበት ቀጥሎ ዘፈኑ ይመጣል።"

የፈረንጅ ዘፈን ነው አለኝ፤ ጊታር የሚጮህበት። መንግሥታቸው ጎረምሶቹን ሩቅ አገር ሲያዘምት፣ አንሄድም ያሉት አደባባይ ወጥተው የዘፈኑት ነው። እሱና ጓደኞቹም ትርጉሙ ሳይገባቸው አዲስ አበባ ሲጨፍሩበት ኖረዋል፤ ምን እንደሚል ያወቀው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው። "እዚያ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ካድሬ ካለ..." አለና ተወው።

ዜማውን አሰማኝ አልኩት። ከድምፄ ጋር አብሮ የሄደውን ማወቅ ፈለግሁ። ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ በቀስታ አፏጨልኝ። በቤቴ ማፏጨት ክልክል ነበር፤ ሰይጣን ይጠራል እንላለን። ያን ቀን ግን ያስፏጨሁት እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ዜማው አልተወኝም። በእኛ አገር ቀትር ላይ ሰው ከመንገድ የሚጠፋበት፣ ውሻ እንኳ ከጥላ የማይወጣበት ሰዓት አለ። እናቴ የጋኔን ሰዓት ትለው ነበር። በዚያ ሰዓት ከወፍጮ ቤቱ በኩል እሰማዋለሁ። ወፍጮው ቆሞም እሰማዋለሁ። ወጥቼ ሳይ ሜዳው ባዶ ነው፤ ሙቀቱ ብቻ ከመሬት እየተነሣ ይንቀጠቀጣል። ሴት ልጄን "አንቺ ነሽ የምታፏጪው?" ስላት ታለቅስ ነበር። ከልጄ መልስ አልመጣም። ካድሬው ሰምቶት ይሆናል፣ ልጄን ያስያዝኩት በገዛ ድምፄ ነው እያልኩ ሁለት ክረምት አለፈ።

ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ በግንቦት፣ ጦሩ ተበተነ። ወታደሮቹ ከደሴ በኩል በጀውሃ አድርገው በእግራቸው ይመጡ ጀመር። ጫማ የሌላቸው፣ ጠመንጃቸውን በዳቦ የለወጡ ነበሩ። ጀሪካን ውሃና ጣሳ ይዤ መንገድ ዳር ቆሜ የእያንዳንዱን ፊት አያለሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ በዚያው በቀትር፣ ከሰዉ መሀል ዜማውን ሰማሁት። የጆሮዬ ነው ብዬ ውሃ መቅዳቴን ቀጠልኩ። ከኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ተቀበለው። ሁለቱ አይተያዩም፤ በመሀላቸው ብዙ ሰው አለ።

የፊተኛው ቀርቦ ውሃ ለመነኝ። ጣሳውን ሰጠሁትና "ቀስ ብለህ ጠጣ፣ ልጄ" አልኩት።

ጣሳውን ከአፉ አወረደ። "እማማ፣ እስቲ ይድገሙት።"

"ምኑን?"

"እግርህን ከእርጥበት ጠብቅ የሚሉት እርስዎ ነዎት። የካሴቱ እናት።"

"አይደለሁም" አልኩት። ፍርሃቱ ከአፌ ቀደመ።

"ነዎት እንጂ። በል ደህና ሁን ሲሉ ፈረንጆቹ ዘፈኑን ያነሣሉ። ጦሩ በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል። ማሽላውስ እንዴት ሆነ?" ብሎ ሳቀ። የተሰነጠቀ ከንፈሩ ደማ።

"ካድሬውስ ምን አለ?"

"ኮሚሳሩ? ምን ይላል ሲለን ስለ ሴት ነው አልነው። እንደውም እሱ ነበር ዘፈኑን ከመጀመሪያው መልሱልኝ የሚለው።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። "ልጄስ?"

ሳቁን ተወ። "አልደረስኩበትም፣ እማማ። እኔ ስመደብ እሱ ወደ ሌላ ግንባር ሄዷል። ካሴቱን የሚያደርስለት ሰው አጥቶ ለጓደኞቹ ትቶላቸው ነው። ግን በሌላው ጎን መልስ ተናግሮልዎታል።"

"ምን አለ?"

"እማዬ፣ ካልሲው ደርሶኛል፣ አትስጊ። አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ይላል።"

"እሺ። ከዚያስ?"

ጣሳውን በእጁ አዟዟረው። "ከዚያ የኔ ድምፅ ነው። ባትሪው ሊያልቅ ነበር፤ ለእናቴ ልናገር ብዬ ምን እንዳለበት ሳላዳምጥ ቀዳሁበት። የእርስዎንና ዘፈኑን ማንም አይነካም። በዚያኛው ጎን ግን ሁላችንም እንቀዳ ነበር።"

አልተቆጣሁትም። የልጄ እኩያ ነው።

"ለእናትህ ምን አልካት?"

"ደህና ነኝ ነው ያልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?"

"ደረሳት?"

"የት ይደርሳል? ካሴቱ ከነቴፑ መኪና ውስጥ ተቃጠለ።"

ጓደኞቹ ተጣሩ። ጣሳውን እንደገና ሞላሁለት። "እንግዲያው ቶሎ ሂድና በአፍህ ንገራት" አልኩት። ጠጥቶ ጉልበቴን ሳመና ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ ሄደ።

ከእሱ በኋላ የሚያልፈውን ሁሉ ጠየቅሁ። ዜማውን የሚያውቁ ብዙ ነበሩ። ልጄ "ልንገርሽ" ካለ በኋላ ያለውን የሰማ ግን አላገኘሁም። መንገዱ ባዶ እስኪሆን ቆምኩ። ልጄ በዚያ መንገድ አልመጣም፤ በሌላም አልመጣም።

ያ ዘፈን አሁን አልፎ አልፎ በሬዲዮ ይመጣል። ሴት ልጄ ቃሉን ልተርጉምልሽ ትለኛለች። እኔ የምፈልገው ያን ቃል አይደለም፤ እስኪያልቅ ሰምቼ ሬዲዮውን እዘጋለሁ።