የቅርጫ ቡድን

የቡድናችን ታሪክ ይጻፍ ቢባል፣ ዋንጫ የሚለውን ምዕራፍ መዝለል ነው። የወልድያ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ነበርን፤ ደመወዝ ስለሚቆረጥልን ራሳችንን ፕሮፌሽናል እንላለን። ሜዳችን ላይ ያለችው ቅርጫት አንዲት ናት። እንግዳ ቡድን ሲመጣ ሁለታችንም እሷው ላይ እናገባለን፤ ስንሸነፍም በሜዳው እናሳብባለን።

ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሲቃረብ አብረን ወደ ደሴ ለመውጣት ተስማማን። መኪና ስለጠፋ አስፋልቱን ይዘን በእግራችን ወረድን። ሲሪንቃን አልፈን መርሳ መግቢያ ስንደርስ ሚሊሻዎች መንገዱ ላይ ገመድ ወጥረው ይፈትሻሉ። በዚያ ሰሞን ምሰሶ የሚያካክሉ ጎረምሶች ተሰብስበው ሲመጡ ማን ያምናል?

መታወቂያችንን አሳየን። ከሁላችን ረጅሙ፣ ቅርጫቱ ሥር የሚቆመው ሴንተራችን፣ ረስቶት ነው የመጣው።

"እናንተ እለፉ፣ ይሄ ይቆያል" አለ የኬላው አዛዥ።

ያኔ መቆየት ምን ሊያመጣ እንደሚችል ሁላችንም ሰምተናል። ጥለነው እንዳንሄድ ወንድማችን ነው፤ እንዳንቆም ከኋላችን መድፉ ይሰማል።

ከገመዱ ዳር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የአገሩን ሰው ከእንግዳ እንዲለዩ የተጠሩ የሐብሩ ገበሬ ናቸው፤ ጆሯቸው ከበድ ይላል።

"ልጆች፣ ምንድን ናችሁ?" አሉ።

"የቅርጫት ቡድን ነን፣ አባባ።" ኳስ የምትለዋን ቃል ከድንጋጤ ዋጥኳት።

"የቅርጫ?" ፊታቸው በራ። "በዚህ ቀውጢ በሬ ልታርዱ? ማሻአላህ! የእስላም ነው የክርስቲያን?"

ቡድናችን ውስጥ ሁለቱም አለ። "ድብልቅ ነን" አልኩ ሳላስበው።

"አስተግፊሩላህ! ባንድ በሬ?"

ይህን ጊዜ አዛዡ ቦርሳዬን ሲበረብር አስተንፍሼ ያጣጠፍኳትን ኳስ መዝዞ አወጣ። ሽማግሌው ተቀብለው አገላበጧት፤ ሽፍ ሽፍ ያለውን ገላዋን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ቆዳው ይኸው! ይሄን ከብት ግን ፍንጣጣ ይዞት ነበር እንዴ?"

ሴንተራችን ሳቁ አመለጠው። ታስሮ ሊቀር ነው፣ እሱ ይገለፍጣል! አዛዡም አፉን በእጁ ሸፍኖ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጠጋ ብሎ ጮኸ፦

"አባ፣ ቅርጫ አይደለም! ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ነን ነው የሚሉዎት!"

ሽማግሌው ኳሷን ጭናቸው ላይ አኖሯት። ተቀየሙ ብዬ ፈራሁ።

"ሰላይ ቢሆኑ" አሉ በመጨረሻ፣ "የላካቸው ሰው ደህና ውሸት ባስጠናቸው ነበር። ድብልቅ ቅርጫ ነን የሚል ሰላይ የት ታውቃለህ? ደግሞ ቅርጫም ሆነ ቅርጫት፣ አንድ መደብ ሥጋ ከጎደለ ተካፋዮቹ አይነሡም። ረጅሙን በእኔ ዕጣ ያዘው። ዋሱ እኔ ነኝ፤ ከዋሸ እኔን እሰረኝ።"

አዛዡ ትንሽ አመነታና ወደ ገመዱ ሄደ። ለእኛ ወደ ላይ ያነሣልን ገመድ ለሴንተራችን ስላልበቃ ወደ መሬት ጣለለት።

ጦርነቱ በርዶ ወደ ወልድያ ስንመለስ መርሳ ላይ ከመኪና ወረድን። ገመዱ የለም፤ ሽማግሌው ግን ደጃቸው ተቀምጠዋል። ሴንተራችን ጎንበስ ብሎ አዲስ ያወጣውን መታወቂያ ዘረጋላቸው።

ዞር ብለው አላዩትም። "ወረቀትህን ማን ጠየቀህ? መደቡ ሞልቷል ወይ?"

"ሞልቷል፣ አባባ" አልን።

"አልሐምዱሊላህ" አሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። እኔ መሸፈኛ አልነበረኝም፤ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።