ለማርያም የተሳለ ሞተር

የአባቴን ሞተር የፊት ጎማ ለሦስተኛ ጊዜ ስፈታ ወገቤ እምቢ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ አምቦ ውስጥ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ቆሜ ስለፈልፍ እከርማለሁ፤ ቅዳሜ ሲመጣ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ጆንያ አንጥፌ ከዝገት ጋር እታገላለሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ወንበሩን አስጠግቶ፣ የታመመ ጉልበቱን በጋቢ ጠቅልሎ ትእዛዝ ያወርዳል። "ቀስ በል፤ በሬ አይደለም የምትጥለው" ይለኛል።

ሞተሩ ራሱ ደህና ነበር። ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ አሮጌ ቢሆንም በሁለተኛው ርግጫ ይነሳል። እምቢ ያለው ቆጣሪው ነው፤ ፍጥነቱንና የተኬደውን ኪሎ ሜትር የሚያሳየው። ቆጣሪ ቢሠራ ባይሠራ ለሌላ ሰው ምኑም አይደለም። ለአባቴ ግን የስለት ጉዳይ ነበር።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በየገጠሩ ሕፃናት ሲያስከትብ የኖረ የጤና ሠራተኛ ነው። በዚህ ሞተር የበረዶ ሳጥን ጭኖ ካቺሲ በለው እንጭኒ በለው ያልረገጠው ቀበሌ የለም። አንድ ክረምት ከካቺሲ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ጭቃ አንሸራተተውና ገደል አፋፍ ላይ ቆመ። እዚያው ተንበርክኮ፣ "አዲስ ዓለም ማርያም፣ ይህ ቆጣሪ ሞልቶ ዜሮ እስኪገባ ድረስ በሰላም ቤቴ ከመለስሽኝ ሞተሩ ያንቺ ነው" ብሎ ተሳለ። ሞተሩ ያኔ የመሥሪያ ቤቱ ነበር። የመንግሥት ንብረት ተስሎ መምጣቱን እናቴ እስክትሞት ድረስ ስትስቅበት ኖረች። መሥሪያ ቤቱ ሞተሩን በጨረታ ሲያወጣው ራሱ ገዛው፤ ሌላ ምን ያድርግ።

ቆጣሪው ሊሞላ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ቀጥ አለ። መጀመሪያ መለዋወጫ ጠፋ። ቀጥሎ የአዲስ ዓለም መንገድ አንድ ሰሞን ሲከፈት አንድ ሰሞን ሲዘጋ ከረመ። በመጨረሻ የአባቴ ጉልበት መንዳት ከለከለው። እኔም ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ። እውነቱን ለመናገር፣ ፈርቼ ነው። አባቴ "እስኪሞላ ጠብቂኝ" ነው ያላት። ከሞላ በኋላስ? እሱን ማንም አልጠየቃትም።

ዘንድሮ ግን ታሞ ሲነሳ አፋጠጠኝ። "ስለቴን ሳላስገባ ልትቀብረኝ ነው?" አለ። ቅዳሜውን ጆንያዬን አነጠፍኩ።

ጎረቤታችን መካኒክ ጴንጤ ነው፤ የስለት ነገር አይገባውም። አጥሩ ላይ ተደግፎ ልፋቴን ሲያይ ቆየና፣ "አባባ፣ ብረት የምበሳበት ትራፓኖ አለኝ። የቆጣሪውን ካቮ፣ ያቺን የሽቦ ገመድ፣ እሱ ላይ አስሬ ላሽከርክርልዎት፤ ምሳ ሳይደርስ ይሞላል" አለ።

አባቴ ቀና ብሎ አየው። "ማርያምን በትራፓኖ?"

"ቶሌ፣ እሺ፣ አልተናገርኩም" አለና እየሳቀ ሄደ።

ከጎማው መሀል ያለችውን ትንሽ ሳጥን ከፈትኳት። ጎማው ሲዞር እዚያ ውስጥ ያለው ጥርስ ካቮውን ያዞራል፤ ካቮው ደግሞ ላይ ያለውን ቆጣሪ። ማለስለሻው ግራሶ ደርቆ እንደ ሻማ ሆኗል። ጥርሱ አልተበላም፤ ተጣብቆ ቀርቶ ነው ካቮውን የበጠሰው። በናፍጣ አጠብኩት፣ አዲስ ግራሶ ሞላሁት፣ ሌላ ካቮ ገጠምኩለት። ሁለቴ አጣምሜ አስሬ ሁለቴ ፈታሁ። ሦስተኛው ላይ ተስተካከለ። ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ትንሽ ወጣ ብዬ ስሞክረው ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቶሎ አዙሬ ወደ ቤት ተመለስኩ።

እሑድ ጠዋት አባቴን ከኋላ አፈናጥጬ ወጣን። "ልክ ደጇ ላይ ይሞላል፤ አስልቼዋለሁ" አለኝ። የሙከራዬን መንገድ አላሰበውም፤ እኔም ማስረዳቱ ደከመኝ። ጊንጪን አለፍን። አዲስ ዓለም ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ዘጠኞቹ አንድ ላይ ተገለበጡና ሁሉም ዜሮ ሆኑ። አባቴ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ሲያይ ኖሯል።

"አቁም" አለኝ። ወርዶ ቆጣሪውን አየና አማተበ። "በል አጥፋው።"

"አባዬ፣ አልደረስንም እኮ።"

"ከዚህ ወዲያ የእሷ ነው። በሰው ንብረት አልሄድም። ግፋ።"

መጀመሪያም የተሳልከው የሰው ንብረት ነው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ገፋሁ። አባቴ አንድ እጁን ኮርቻው ላይ ጥሎ እያነከሰ ይከተለኛል። ባጃጆች ሲያልፉን "ነዳጅ ጨረሳችሁ?" ይላሉ። ዳገቱ መሀል ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ቆምኩ።

"ደከመህ?"

"ሞቻለሁ" አልኩት።

"እኔም ደክሞኛል፣ ልጄ" አለ። ስለ ዳገቱ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ፤ እንባ እንባ አለኝ። መግፋቴን ቀጠልኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደርሰን ቁልፉን ለአንድ ቄስ አስረከበ። "ተበላሽቶ ነው የገፋችሁት?" ብለው ጠየቁ።

"ኧረ ደህና ነው፤ ልጄ ነው ያደሰው" አላቸው። በሕይወቴ በሰው ፊት እንዲህ ሲያሞግሰኝ ሰምቼ አላውቅም። ሞተሩን ዞር ብሎ ሳያይ ወደ መንገዱ ወጣ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጥን። አባቴ እንደ ልማዱ አንገቱን አስግጎ የመኪናውን ቆጣሪ ተመለከተ። እኛ እንከንፋለን፤ ቀስቷ ግን ዜሮ ላይ ተኝታለች፣ ቁጥሩም ንቅንቅ አይልም። ሾፌሩን ሊገሥጸው ነው ብዬ ስጠብቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ይኼ አይቆጥርም" አለኝ። "ካልቆጠረ አይሞላም። ዝም በል፤ እንዳትነግረው።"

ትከሻዬ ላይ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ወሰደው። ትንፋሹን እያዳመጥኩ አምቦ ደረስን።