ለአንድ አገጭ ስንት ብሩሽ?

ማንንም የማይጎዳ የራስዎን ዕቃ አይቶ፣ «ይህን ሁሉ ምን ያደርግልሃል?» ያለዎት ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? ገበሬ ከሆኑ ስለ ሞፈርዎ፣ ካህን ከሆኑ ስለ መቋሚያዎ ተጠይቀው ይሆናል። እኔ የተጠየቅሁት ስለ ጢም መላጫ ብሩሾቼ ነው። አራት ነበሩኝ። በእነርሱ ሰበብ ከምኖርበት ቤት ውጣ ተባልሁ።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ተመድቤ የጤና ትምህርትና የሒሳብ አስተማሪ ሆንሁ። የተከራየኋት ክፍል በአንድ መሪጌታ ግቢ ውስጥ ነበረች። መሪጌታው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ከተባለው የዜማ ትምህርት ቤት ዘልቀው ድጓ ያስመሰከሩ ሰው ናቸው። እርሳቸው ሲያዜሙ ሌላው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እርሳቸው ከፈረዱም ይግባኝ የለም። እኔ እንደ ሰዉ ሁሉ «የኔታ» እላቸዋለሁ። እርሳቸው ደስ ሲላቸው «አንተ ልጅ»፣ ሲቆጡ ደግሞ «መምህር» ይሉኛል።

ብሩሾቼን ግድግዳው ላይ በአራት ምስማር ሰቅያቸው ነበር፤ ፀጉራቸው ወደ ታች፣ እጀታቸው ወደ ላይ። ለምን እንዲህ እንደሚሰቀሉ ልንገርዎ። ፀጉሩ ወደ ላይ ከሆነ ውሃው ወደ እጀታው ይወርድና ሥሩን የያዘውን ሙጫ ያላላዋል፤ ፀጉሩም ይረግፋል። ወደ ታች ከሆነ ተንጠባጥቦ ይደርቃል። ከየምስማሩ በላይ የምላጭበትን ቀን በጠመኔ ጽፌአለሁ፦ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ እሑድ። አንዱን በመጀመሪያ ደመወዜ ገዛሁት፤ አንዱን የማሠልጠኛ ጓደኛዬ ሰጠኝ፤ ሁለቱን ወታደሩ ወንድሜ ከጎንደር ላከልኝ።

የየኔታን ሚስት «እትዬ» እላቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውሃ በጣሳ ይሰጡኛል፤ በሰጡኝም ቁጥር ግድግዳዬን አይተው ይስቃሉ።

«ላንድ አገጭ አራት መጥረጊያ! እኔ ይህን ሁሉ ቤት የምጠርገው ባንድ ነው።»

«እትዬ፣ መጥረጊያ አይደለም፤ ብሩሽ ነው።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«የሳሙናውን አረፋ ያነሣል፤ ጢሙን ያለሰልሳል።»

«የትኛውን ጢም?» ይላሉ ወደ አገጬ ጎንበስ ብለው።

የኔታም ከመደባቸው ሳይነሡ ያክሉበታል። «ተይው። ማሳ መስሎት ነው፤ አራት ጊዜ ካላረሰው አይዘራውም።»

ቀልድ እስከሆነ ድረስ እኔም እስቅ ነበር። ነገሩን ያበላሸሁት በራሴ አፍ ነው።

የሰኔ ዝናብ በጀመረበት ሳምንት፣ ስለ ንጽሕና ለማስተማር አራቱንም ብሩሾች ይዤ ክፍል ገባሁ። ማስረዳት ከጀመርሁ ማቆሚያ የለኝም። ይህ ከፈረስ ጭራ የተሠራ ነው፤ ይህ ባገራችን የሌለ፣ ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ ፀጉር ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ የአሳማ ፀጉር ናቸው፤ ጠንካራ ስለሆኑ አረፋውን ቶሎ ያነሣሉ፤ አልሁ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ትምህርቱ ገብቷቸው መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከትምህርት ቤቱ እስከ ግቢያችን መንገዱ አጭር ነው፤ ወሬው ግን ቀድሞኝ ደርሷል። የኔታ ዝንብ የሚያባርሩበትን ጭራቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ቆመዋል።

«መምህር፣ እዚያው ቁም።»

«ምነው፣ የኔታ?»

«እሪያ ከቤቴ አስገብተሃል ይላሉ። እውነት ነው?»

«እሪያ እንኳ አይደለም፤ ፀጉሩ ነው።»

«ፀጉሩ በግ ላይ ነው የበቀለው?»

«ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ የኔታ።»

«ሁለቱ ብቻ!» አሉ እትዬ ከውስጥ። «በኔ ጣሳ እኮ ነው ሲነክረው የከረመው! በዚያው ጣሳ ጠላ ቀድቼ ስንቱን ክርስቲያን አጠጣሁ!»

የኔታ ፈረዱ። «እስከ ሳምንት እሑድ እኒያን መጥረጊያዎች አራቱንም ከግቢዬ አውጣ። አለዚያ አንተም ተከትለሃቸው ውጣ።»

መውጣት ማለት ክፍል ማጣት ብቻ አልነበረም። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ የካህናት ልጆች ናቸው። መሪጌታው ያባረሩትን አስተማሪ የሚያስጠጋ ቤት፣ ልጁን ለእርሱ የሚሰጥ አባት ከየት ይገኛል? ይህን አውቃለሁ። አውቄም አራቱን አልጥልም አልሁ።

እኔም በጾም በጸሎት ያደግሁ ነኝ፤ የአሳማ ሥጋ አፌ ገብቶ አያውቅም። ቤቱ የእርሳቸው ስለሆነ የአሳማዎቹን አውጣ ቢሉኝ አወጣለሁ። ፊቴ ግን የኔ ነው። ፈረሱስ ምን አጠፋ? ከአሳማ እኩል የሚባረርበትን ምክንያት ሳይነግሩኝ አልታዘዝም።

በዚያው ሰሞን እትዬ ሲስቁበት የከረሙትን ጥያቄም በቁም ነገር ያዝሁት። በእውነት ስንት ያስፈልገኛል? ጥያቄ በክርክር ብቻ አይፈታም፤ ይፈተናል። በየቀኑ ልላጭ ወሰንሁ። ሙቅ ውሃው ስለተቋረጠብኝ በቀዝቃዛ ተላጨሁ። መጀመሪያ የፈረሱን ብሩሽ ብቻ ያዝሁ። ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይገፈፍም፤ ብሩሹም አይደርቅልኝም፤ በማግስቱ እንደ ረጠበ አገኘዋለሁ። በአራተኛው ቀን እንደ ረጠበ ደበሎ ሸተተ፤ ፀጉሩም አገጬ ላይ ይቀር ጀመር። ከዚያ እርሱን አቆይቼ ሌሎች ሁለት ብሩሾች እያፈራረቅሁ ያዝሁ። አንዱ ሲሠራ አንዱ ያርፋል፤ ተራው ሲደርስ ደርቆ ይጠብቀኛል፤ ሽታ የለ፣ መርገፍ የለ። ለሦስተኛና ለአራተኛ ብሩሽ የሚተርፍ ሥራ አልነበረም። ለካ ግድግዳ ሲያስጌጡ ነው የኖሩት። ይህን ማመን ደስ አይልም፤ ግን የራሱን ስሕተት የማያርም ሰው የተማሪውን ደብተር በቀይ ቀለም ለማረም ምን መብት አለው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ የኔታ ገባሁ። መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ እትዬ ጥጥ ይፈትላሉ።

«ዕቃህን ሸከፍህ?» አሉኝ።

«የአሳማዎቹ ወጥተዋል። በአውቶቡስ ለወንድሜ መልሼ ላክኋቸው፤ እርሱ የእንስሳ ሰኮና አይመረምርም።»

«እሰይ። የቀሩትስ?»

«አይወጡም።»

የእትዬ እንዝርት ቆመ።

«መምህር!»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ የኔታ። በእጅዎ የያዙት ምንድን ነው?»

«ጭራ ነዋ።»

«የምን ጭራ?»

«የፈረስ።»

«ፈረስ ያመሰኳል?»

ጭራቸውን ገልብጠው አዩት።

«ሰኮናውስ ክፍት ነው?»

«እኔ ዝንብ ነው የማባርርበት፤ አገጬን አላሽበትም።»

«ዝንቡ የት ላይ ሲያርፍ ነው የሚያባርሩት? ፊትዎ ላይ አይደለም?»

እትዬ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ኧረ እርስዎ ሰውዬ! ቤተ ልሔም ድረስ ተጉዘው ለዚህ መልስ ሳይዙ ተመለሱ?»

የኔታ ሚስታቸውን ገልመጥ አደረጓቸው፤ ወደ እኔ ሲዞሩ ግን ከንፈራቸው ፈገግ ብሎ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ቅኔ ቤት ብትገባ ይሻልህ ነበር። የፈረሱ ይቀመጥ። ያ ጉድጓድ ቆፋሪውስ? ያመሰኳል?»

«አላውቅም።»

«ስሙ ማነው?»

«በአማርኛ አላውቀውም።»

«ስሙን በማታውቀው አውሬ ነው ፊትህን የምታስልሰው?»

እውነታቸውን ነው። እርሱንም ላስወጣ ተስማማሁ። አንዱን ብቻ ይዤ ልወጣ ግን አልወደድሁም።

«የኔታ፣ አንድ አይበቃኝም። ሁለት ያስፈልገኛል።»

«ደግሞ ጀመረው!» አሉ እትዬ።

የሰባቱን ቀን ፈተና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳኋቸው። ፊታቸው ላይ እምነት ስላላየሁ፣ ብቻውን ሲሠራ የሰነበተውን የፈረስ ብሩሽ ወደ አፍንጫቸው አስጠጋሁት። «ያሽትቱት።»

«እፍ! ወዲያ በልልኝ!» ብለው በጭራቸው መከቱት። ጥቂት አሰቡና ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ እጀታው የተሰበረ አሮጌ ጭራ ይዘዋል። «እንካ፤ ሁለተኛውን ከዚህ ሥራው። የዚህን ፈረስ ስሙን ከነአባቱ አውቀዋለሁ። ሦስተኛ ብሩሽ ካየሁ ግን ክርክርህንም አልሰማ።»

«ጣሳውም ያንተው ነው» አሉ እትዬ። «እኔ ዳግመኛ አልነካውም።» ክር ግን ከሚፈትሉት ቆርጠው ሰጡኝ።

ጭራውን በሳሙና ደጋግሜ አጥቤ አደረቅሁት። ጫፍ ጫፉን አስተካክዬ አንድ ጣት በሚያህል ርዝመት ቆረጥሁት፤ ሥሩን በእትዬ ክር አጥብቄ አሰርሁት። በበሬ ቀንድ ጫፍ ውስጥ ከትቼ በእንጨት ሽብልቅ አጠበቅሁት። ሙጫ አላስፈለገውም። አንድ ሳምንት ያህል ፊቴን ወጋኝ፤ ከዚያ ለሰለሰ። ከእስቴ እስክዛወር ድረስ በዚያው ክፍል፣ በሁለት ምስማርና በሁለት ብሩሽ ኖርሁ። ተማሪዎቼም አልቀሩብኝም።

ዛሬም «አንድ ይበቃል» ለሚለኝ አልሸነፍም፤ አራትና አምስት ደርድሮ ለሚኮራም እጅ አልነሣም። ሁለት ነው። እኔን ግን አይመኑኝ። ክረምት ሲገባ እርስዎም ይሞክሩት፦ አንዱን ሳምንት በአንድ ብሩሽ፣ ሌላውን ሳምንት በሁለት እያፈራረቁ ይላጩ፤ ፀጉራቸውን ወደ ታች ይስቀሏቸው። ከዚያ በየተራ አንሥተው ያሽትቱና በአፍንጫዎ ይፍረዱ።