የአያ ወልደ ኪዳን ትርፍ ማርሽ

ላሊበላ ውስጥ አያ ወልደ ኪዳንን የማያውቅ የለም፤ እሳቸውን ባያውቅ እንኳ መኪናቸውን ያውቃል። ኋላዋ ለጭነት የተከፈተ አረንጓዴ ላንድሮቨር ናት፣ በዕድሜ እኔን ትበልጣለች። አንድ የእርዳታ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ በጨረታ ገዟት። ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ስትነሳ እዚህ ትሰማለች እያልን እንቀልድባቸዋለን። እሳቸው አይከፋቸውም። ሰው ሲያናግራቸው ፊቱን ትክ ብለው እያዩ፣ ጮክ ባለ ድምፃቸው፣ «የምትጮኸው ጤና ስላላት ነው» ይላሉ።

እኔ ሸዕባን እባላለሁ፤ መካኒክ ነኝ። ከወልድያ ላሊበላ የመጣሁት ለሁለት ሳምንት ሥራ ነበር፣ ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ቁጡ ነው ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። የመፍቻ ቁልፌን ወስዶ ያልመለሰ ሰው ሰላም ቢለኝ አልመልስለትም። ሞተር ግን አናዶኝ አያውቅም። ሞተር ያመመውን በድምፁ ይናገራል፣ ጆሮ ላለው ሰው ምንም አይደብቅም። የሚያናድደኝ ሰው ነው።

አያ ወልደ ኪዳን ከባለቤታቸው ከእትዬ አለሜ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ወገል ጤና ከተማ ተመላልሰዋል። እሳቸው ይነዳሉ፣ እሷ ምስር ገዝታ አምጥታ ላሊበላ ገበያ ትሸጣለች። እትዬ አለሜን አንች ነው የምላት፤ አንቱ ስላት «አታስረጀኝ!» ብላ ትቆጣኛለች። ታዲያ በዚያ ሁሉ መንገድ ታወራ ነበር። ማን ማንን አገባ፣ የማን በሬ የማንን ማሳ ገባ፣ የትኛው ነጋዴ ምስሩን አፈር ቀላቀለበት፣ ሁሉን ከሞተሩ ጩኸት በላይ እየጮኸች ታወራለች። አያ ወልደ ኪዳን «አለሜ፣ እስቲ ሞተሩን ላዳምጥበት» ይሏታል። እሷ አትሰማም። እሳቸውም ዝም እንድትል ፈልገው አይደለም።

አምና እትዬ አለሜ አንገቷ ላይ የነበረውን እንቅርት ደሴ ሄዳ አስወጣች። ቁስሉ ቶሎ ዳነ፣ ድምፅዋ ግን ቀጠነ። ሐኪሙ «ቀስ እያለ ይመለሳል» አላት። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ ዝም አለች። ስትሄድ ዝም፣ ስትመለስ ዝም። ጥቅምት ላይ ጭራሽ፣ «ከእንግዲህ አልሄድም፤ ከጆንያ ጋር ጆንያ ሆኜ ምን አደርጋለሁ? አንተ አምጣልኝ፣ እኔ እዚህ እሸጣለሁ» አለቻቸው።

በማግስቱ አያ ወልደ ኪዳን ጋራዥ መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው በርሜሉ ላይ ተቀመጡ።

«ሸዕባን፣ ይችን መኪና ዝም አሰኛት።»

«አያ ወልደ ኪዳን፣ ላንድሮቨር ዝም ካለ ሞቷል ማለት ነው።»

«አትቀልድ። የአለሜ ድምፅ ቀጭን ሆኗል፣ ጩኸቱ ይውጠዋል። እኔ ካልሰማኋት አትመጣም። ያን ሜዳ ብቻዬን አልችለውም፤ ከእሷ ሌላ የማወራው ሰው የለኝም።»

እንዲህ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ብዙ አይገጥመኝም። «አብሽሩ፣ መላ አይጠፋም» አልኳቸው።

መላው እንዲህ ነው። ላንድሮቨሯ አራት ማርሽ ብቻ ነው ያላት፤ ሜዳ ላይ በአራተኛ ስትሮጥ ሞተሩ አለመጠን ይሽከረከራል። ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ ማለት ነው፣ ኋላ የሚታሰር፣ የትንሽ ድስት ያህል የሆነ ኦቨርድራይቭ የሚባል ዕቃ አለ። እኛ ትርፍ ማርሽ እንለዋለን። ዘንጉን ሲስቡት ጎማው በነበረበት ፍጥነት ይሄዳል፣ ሞተሩ ግን ዝግ ይላል፤ አጭር ሰው ሲሮጥ ረጅም ሰው ጎኑ እንደሚራመደው ማለት ነው። ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ናፍጣም ይቆጥባል። አዲሱ በአገር የለም። ኮምቦልቻ አሮጌ መለዋወጫ ለሚሸጠው ለበድሩ ደወልኩ። ከአንድ የሞተ ላንድሮቨር የተፈታ፣ ዘጠኝ ዓመት ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የኖረ አለኝ አለ። በጆንያ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ።

ስፈታው ውስጡ እንደፈራሁት አልነበረም። ሁለት ኩሽኔታ ቀየርኩ፤ ማርሹ እንዳይተፋ፣ ተይዞ ሳለ በራሱ እንዳይወጣ፣ የተበላውን ጥርስ በሞረድ አስተካከልኩ። ከዚያ የመካከለኛውን ወንበርና የወለሉን ቆርቆሮ አንስተን ወደ ካምቢዮው ገባን። የኋላው ክዳን በቀላሉ ወጣ። ከክዳኑ ኋላ ያለው ትልቁ ዳዶ ግን መኪናዋ ከተሠራች ጀምሮ የተነካ አይመስልም። ቁልፉ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክቼ ጎተትኩ፤ እምቢ። አያ ወልደ ኪዳን በስልሳ ሦስት ዓመታቸው መጥተው ቧንቧው ላይ ተንጠለጠሉ። ዳዶው ሲለቅ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተዘረርን። ሲስቁ ጥርሳቸው ሁሉ ታየ።

ዕቃው በሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ቦታው ገባ። የቀረው ዘይት መሙላት ነበር። አያ ወልደ ኪዳን ማንቆርቆሪያውን ይዘው «እኔ ራሴ ካልሞላሁ» አሉ። ዘይቱ ቀዳዳው አፍ ሳይደርስ አለቀ። እኔ ጁምዓ ደርሶብኝ እጄን እየታጠብኩ ነበር፤ ፊቴን ሳላዞር፣ «ስመለስ ሌላ ይዤ እመጣለሁ፣ እንዳትነኩት!» አልኳቸው።

«እሽ፣ እሽ» አሉ።

ከመስጊድ ስመለስ ቡሎኑ ታስሯል፣ ወለሉ ተገጥሟል፣ አያ ወልደ ኪዳን መሪው ላይ ተቀምጠው ፊታቸው በርቷል። «ሞልቼዋለሁ፣ ግባ!» አሉኝ። ዘይት አስገዝተው ይሆናል ብዬ ገባሁ። ወደ አየር ማረፊያው መንገድ ወጣን። ሜዳው ላይ ስንደርስ ዘንጉን ሳቡ።

አላህ ያሳያችሁ፣ የፍየል መንጋ በአንድ ጊዜ የታረደ ነው የመሰለኝ። ዕቃው ከሥራችን ይጮሃል፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። «አቁሙ! አቁሙ!» አልኩ። አያ ወልደ ኪዳን ፊት ፊቱን እያዩ ፈገግ ብለዋል። «ሰማህ? ዝም አለች! ተመስገን ጌታዬ!» ይላሉ። ዘንጉን እኔው ራሴ መልሼ የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩት። ደስታ አሳበዳቸው አልኩ በልቤ።

ጋራዥ ተመልሰን የታችኛውን ቡሎን ስፈታ ዘይቱ እንደ አጓት ነጥቶ ወረደ።

«አያ ወልደ ኪዳን! ምንድን ነው የጨመሩበት?»

«ዘይቱ ሲጎድል ጠበል ሞላሁበት። የነአኩቶ ለአብ ነው፣ ጥሩው።»

«ጠበል ለብረት ይሆናል?»

«ለአለሜ አንገት ሆኗል፤ ለብረት ምን ገዶት?»

«እንዳትነኩት አላልኩም?»

«መቼ?» አሉ ዓይኔን እያዩ።

ዋሹኝ ብዬ ደሜ ፈላ። እስኪመሽ አላናገርኳቸውም። ዕቃውን ፈትቼ ሦስት ጊዜ በነጭ ጋዝ አጠብኩት፤ አልሀምዱሊላህ፣ ኩሽኔታዎቹ አልተነኩም። የነጣውን ዘይት ልደፋው ስል ደግሞ አያ ወልደ ኪዳን ጣሳውን ያዙ። ጠበል ያለበት ነገር እግር የሚረግጠው ቦታ አይፈስም አሉ። ዳገቱ ላይ ካለው ወይራ ሥር፣ ሰው ከማይደርስበት፣ አንድ ላይ ተሸክመን ወስደን አፈሰስነው። ኩርፊያዬን ሳልተው ነው የተሸከምኩት።

በሳምንቱ እትዬ አለሜን «አንድ ጊዜ ብቻ፤ አሁንም ካልሰማሁሽ ቅሪ» ብለው ለመኗት። እሷም ቀና ብላ ሳታያቸው መጣች። እኔ የዕቃውን ድምፅ ላዳምጥ ተከተልኩ። እሳቸው መሪው ላይ፣ እሷ መሃል፣ እኔ በሩ ጋ ሆነን ሄድን። እስከ ጋሸና ዳገት ነው፤ ዳገት ላይ ትርፍ ማርሽ አይያዝም። ጋሸናን አልፈን ወደ ወገል ጤና ስንታጠፍ ሜዳው ተዘረጋ። ገብሱ ታጭዷል፤ ነፋስ ነበር።

አያ ወልደ ኪዳን ዘንጉን ሳቡ። ሞተሩ ወረደ። ወንበሩ ሥር ያሉት የመፍቻ ቁልፎች እርስ በርስ ሲጋጩ ተሰማኝ፤ በዚያች መኪና ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ደስ አለኝ፤ የእጄ ሥራ ነው።

«ወልዴ፣ ገብሱ ዘንድሮ አላጠረም?» አለች እትዬ አለሜ።

ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ግን ቁልጭ ያለ። ትከሻቸውን ተደግፋ ነው የተናገረችው። አያ ወልደ ኪዳን መንገዱን እያዩ ይጠብቃሉ። ደግማ ጠራቻቸው። ከዚያ በእሷ ላይ አሻግረው ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ሸዕባን፣ ንገራት እንጂ! አሁን ጸጥ ብሏል፤ ትናገር!»

ያኔ ገባኝ። «እሽ፣ እሽ» ያሉኝ ገባኝ፤ «መቼ?» ያሉኝም፣ ዕቃው ሲጮህ ፈገግ ማለታቸውም። እኔ የኩሽኔታን ሕመም ከሩቅ የምለይ ሰው፣ ሳምንት ሙሉ አብሬያቸው ውዬ ይህን አልለየሁም። በራሴ አፈርኩ።

«አደራህን እንዳትነግረው» አለችኝ እትዬ አለሜ። እዚያው፣ ትከሻቸው ሥር፣ ጮክ ብላ። «ጉሮሮዬ ከሰኔ ጀምሮ ደህና ነው። እየተናገርኩ ሲያጣኝ ጆሮው እንደሄደ ያውቃል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ካወቀ መሪውን ይተዋል፤ መሪውን ከተወ ደግሞ ወልዴ አይኖርልኝም። ዝምታውም ቢሆን ከበደኝ፣ ለዚህ ነው ልቅር ያልኩት።»

አያ ወልደ ኪዳን በጨረፍታ ዞር ሲሉ ከንፈሯን አዩ። መኪናዋን ቀስ ብለው ዳር አስያዙና ሞተሩን አጠፉ። ነፋሱ ብቻ ቀረ።

«ተናገርሽ» አሉ። «ከንፈርሽን አይቸዋለሁ። ምን አልሽ?»

እትዬ አለሜ አፏን ጆሯቸው ላይ አደረገች። እኔ ዕቃው ያፈስ እንደሆነ ልይ ብዬ ወረድኩና መኪናዋ ሥር ገባሁ። ደረቅ ነው፣ ጠብታ የለም። ከላይ የአያ ወልደ ኪዳን ድምፅ ተሰማኝ፤ «እኔ ነኛ! አንች ደህና ነሽ፣ እኔ ነኝ!» አሉ። ቆይተው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉሮሮሽ ድኗል» አሉ። እንባዬ መጣ። አቧራ ነው አልልም።

ስወጣ ከመኪናው ወርደው ቁልፉን ዘረጉልኝ። «ንዳ፣ ሸዕባን። እኔ በቃኝ።»

ቁልፉን ሳልይዘው እትዬ አለሜ ከእጃቸው ወሰደችውና መልሳ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው። ፊታቸውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እሷ አዞረችው፣ ከንፈሯን እንዲያዩ። «ዓይንህ ደህና ነው፤ አንተ ትነዳለህ። እኔ ደግሞ እሰማልሃለሁ። እንግዲህ ልቅር ብልስ መች ትለቀኛለህ?»

አያ ወልደ ኪዳን ቁልፉን ጨበጡ። ከዚያ ገብተው ሞተሩን አስነሱ።

አሁን በሁለቱም በኩል ሰፋፊ መስታወት ገጥሜላቸዋለሁ። ከኋላ ጥሩምባ ሲነፋ እትዬ አለሜ ጉልበታቸውን አንዴ መታ ታደርጋለች፤ ሞተሩ ማርሽ ሲጠይቅ ሁለቴ። ከዚያ ወዲህ አንድም ገበያ ቀርታ አታውቅም። ትርፍ ማርሹ የቆጠበው ናፍጣ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ይሠራል፣ አይተፋም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የአይሱዙ ሾፌር ጎማ ሊያስጠግን መጥቶ ተሳለቀብኝ። «ያች የሠራሃት ላንድሮቨር ዛሬም ሜዳው ላይ ቆማለች! ልጎትታቸው ብዬ ገመድ ይዤ ወረድኩ። ‹ምን ተበላሸባችሁ?› ብላቸው፣ ሴትዮዋ በሽማግሌው ጆሮ ነገረቻቸው። እሳቸውም ‹ምንም አልተበላሸ ልጄ፣ እያወራን ነው› አሉኝ።»