ከተማ ነቅሎ የሚተክለው ጨዋታ

አባዬ አገር መምራት የጀመሩት ጉልበታቸውን ስለታመሙ ነው። ሐኪሙ ዳገት ሲከለክላቸው ከቡሬ ገጠር አምጥቼ ፍኖተ ሰላም እኔ ቤት አስቀመጥኋቸው። ጉልበቴ እስኪሻለኝ ነው እያሉ፣ ሶፋው ላይ በግድ እንደተቀመጠ እንግዳ ግድግዳ ሲያዩ ይውሉ ነበር። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ላፕቶፔን ከፍቼ አገር እገነባለሁ። የታሪክ መምህር ነኝ፤ ጨዋታውም ያው ታሪክ ነው። ጥቂት ሰፋሪዎች ይሰጡሻል፣ ወንዝ ፈልገሽ ከተማ ትቆረቁሪያለሽ፣ ከዚያ እርሻ፣ ጎተራ፣ ቤተ መቅደስ፣ ግንብ እያልሽ ከድንጋይ ዘመን እስከ ሮኬት ትሄጃለሽ። ጎረቤቴ «እኩዮችሽ ልጅ ያሳድጋሉ፣ አንቺ አገር ታሳድጊያለሽ» እያለች ታሾፍብኛለች። ታሹፋ፤ የእኔው ቢያንስ የደንብ ልብስ ግዢልኝ አይልም።

አባዬ መጀመሪያ የጠየቁኝ ወንዙ ወዴት እንደሚወርድ ነው። ቀጥለው ከተማዬን አዩና ፊታቸው ተኮሳተረ። ይህን የመሰለ ሜዳ ላይ ቤት ይሠራል ወይ፣ ሰው ምን ሊበላ ነው፣ ቤት የሚሠራ ድንጋዩ ላይ ነው ብለው ተቆጡኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳላማክራቸው አንዲት ነገር መጫን ቀረ። መሪነቱንስ አይችሉበትም፤ እውነቱን ልናገር። ጎረቤት እያለ ጦር ምን ያደርጋል ብለው ወታደር አስከለከሉኝ፤ ወዲያው ሽፍቶች መጡና ከተማችንን አቃጠሏት። ራት አልበላም አሉ። ጨዋታ እኮ ነው ብላቸው፣ ሰው ቤቱ ተቃጥሎ ምን ጨዋታ አለ ብለው ዘጉኝ።

ከሁሉ የከበዳቸው ግን የሰፋሪው ነገር ነው። በዚህ ጨዋታ አዲስ አገር የሚያቀና ሰፋሪ ስትልኪ የላከችው ከተማ ሰው ይጎድልባታል። የሄደው ተመልሶ ይገባል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይገባም አልኋቸው። ከዚያ ወዲያ ሰፋሪ ልልክ ስል እጄን ይይዙኝ ጀመር።

ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። የመጨረሻው ወንድማችን ገጠር ቤታችን ነው ያለው። መሬቱን ታላላቆቻችን ሲያገቡ ተካፍለውታል፤ ለእሱ የቀረችው ከአፋፉ ላይ ያለች ድንጋያም ቁራጭ ብቻ ናት፣ ፍየል እንኳ ቆማ የማትግጥባት። መስቀልን ውዬ ቆላ እወርዳለሁ፣ ሰሊጥ አጭዳለሁ ብሎ ቆርጦ ነበር። ባለፈው ዓመት በዚያው መንገድ የወረደ የጎረቤታችን ልጅ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወሬው የለም። እናቱ እስካሁን ከመንገድ ዳር ተቀምጣ ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ብድግ ትላለች። አባዬ ይህን ያውቃሉ። ልጃቸውን ግን ቅርልኝ ብለው አይለምኑትም፤ ልመና አያውቁበትም። ምን ይዞ ይቀመጥ ይላሉ እንጂ።

እንዲህ ስንል የዚሁ ጨዋታ አዲስ ቅጂ ሊወጣ ነው ተባለ። አበድሁ። ላፕቶፔ ይችለው አይችለው አላውቅም፤ ብቻ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ስለ አዲሱ ጨዋታ የተለቀቀውን ቪዲዮ ሁሉ አውርጄ ለአባዬ እየተረጎምሁ አብረን እናያለን። እሳቸውም መብራት ሲጠፋ ከእኔ ብሰው ይናደዳሉ። እውነት ለመናገር፣ ከእናቴ ሞት ወዲህ አባዬ አንድን ነገር እንዲህ ሲጠብቁ ያየሁት ያኔ ነው።

አንድ ምሽት ያየነው ቪዲዮ የሚያወራው ስለ ከተማ አቆራቆር ነበር። በድሮው ጨዋታ ከተማ አንዴ ከቆረቆርሽ አለቀ፣ ቦታው ተበላሸም አልተበላሸ እዚያው ነሽ። በአዲሱ ግን ከተማን ከነቤቱ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል፣ የለቀቀውንም መሬት እርሻ ማድረግ ይቻላል ይላል። ይህን ስተረጉምላቸው አባዬ ከሶፋው ወደ ፊት ተሳቡ። ድገሚው አሉኝ፣ ደገምሁት። አሁንም ድገሚው አሉኝ። መቼ ነው የሚወጣ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ተራዝሟል፣ ለከርሞ ሳይሆን አይቀርም አልኋቸው።

«እስከ ከርሞ ማን ይጠብቃል» አሉ።

ሳቅሁ። አባዬ ሱስ ያዘዎት ብዬ ቀለድሁባቸው። እሳቸው አልሳቁም።

መስቀል በገባ ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ሶፋው ባዶ ነው። ከዘራቸው የለም፣ ጋቢያቸውም የለም። ጎረቤቴን ብጠይቃት በጠዋት የቡሬ ሚኒባስ ላይ ሲወጡ አይታለች፤ ለልጄ እንዳትነግሪ ብለዋት እሷም ቃሏን ጠብቃ አፏን ዘግታ ውላለች። ወንድሜ ጋ ደወልሁ፣ አያነሳም። በማግስቱ ገና ሲነጋ ተነሣሁ። ማንኩሳ ላይ ፍተሻ ብለው አስወርደው አቆሙን፤ እኔ በውስጤ አባዬን ስንት ጊዜ ቀበርኋቸው። ከቡሬ ባጃጁ እስከሚችለው ድረስ ወሰደኝና የቀረውን በእግሬ ገባሁ።

መንገድ ላይ ሰዎች ከቤታችን በኩል ወደ እኔ ሲመጡ አየሁ። ያገር ሰው ናቸው፣ አውቃቸዋለሁ፤ ወራጅና ማገር በትከሻቸው ተሸክመዋል። እንደምን ከረምሽ ብለው በደስታ ሳሙኝ። የት ልትሠሩ ነው ልላቸው ስል ከኋላ የሚመጣው ሰውዬ የተሸከመውን በር አየሁት። ሰማያዊ ቀለም አለው፤ ከታች በኩል ውሻችን የቧጨረው ይታያል። የእኛ በር ነው።

ሮጥሁ። ጉብታው ላይ ወጥቼ ወደ ታች ሳይ ቤታችን የለም። በቃ የለም። ዛፎቹ አሉ፣ አጥሩ አለ፣ መሐሉ ላይ ግን የተቆፋፈረ አፈርና የጭቃ ክምር ብቻ ነው። እናቴ ሁላችንንም የወለደችበት፣ አስከሬኗም የወጣበት ቤት ነው። እዚያው ቁጭ አልሁ። ከዚያ ተነሥቼ ቁልቁሉን ወረድሁ።

አባዬ ግቢው መሐል የተደፋ ሙቀጫ ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው እያመለከቱ ደቦውን ያዛሉ። ግማሹ ሰው ቋሚ ይነቅላል፣ ግማሹ ቆርቆሮ ይደረድራል። ደርሼ ምን እንደተናገርሁ ሁሉን አላስታውስም። ለአባት የማይባል ነገር እንደተናገርሁ ግን አውቃለሁ፤ ሥራው ቆሞ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ ነበርና። በመጨረሻ፣ አባዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ያለ ጨዋታ ነው አልኋቸው።

«ጨዋታ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው?» አሉኝ ረጋ ብለው። «አላበድሁም። ይህን ቤት ስሠራ ጎረምሳ ነበርሁ፣ መሬትም ሞልቶ ነበር፤ ደልዳላውን ሜዳ አይቼ ዝም ብዬ ሠራሁበት። የተተከለ ቤት ይነቀላል ብዬ እስከዛሬ አስቤ አላውቅም። ግቢው፣ ጓሮውና የጥጃ መስኩ ሲታረስ ለአንድ ሰው ይበቃል።»

ቀና ብዬ ወንድሜን ፈለግሁት። ወደ ጥግ ቁጭ ብሎ ከቆርቆሮው ላይ ምስማር ይነቅላል፤ የነቀለውን ደግሞ በድንጋይ እየቀጠቀጠ ያቃናል። ሳሩ ላይ አጠገቡ ለጉዞ ያዘጋጃት ቦርሳ ተቀምጣለች፤ ከውስጧ ልብሱን አውጥቶ ምስማሩን እየሞላባት ነው። እንጨቱ ሁሉ ወደ እሱ ድንጋያም አፋፍ ነው የሚወጣው፤ ቤቱ እዚያ ሊተከል፣ ሜዳው ደግሞ ለእሱ እርሻ ሊሆን። አጠገቡ ሄጄ ቆላውስ አልሁት። ቀና ሳይል፣ ቀርቻለሁ አለኝ። ይህን ስሰማ ያ ሁሉ ቁጣዬ ወዴት እንደገባ እንጃ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ቆምሁ።

ሰዎቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔም ያጠፋሁትን ለማለሳለስ ብዬ ወደ አባዬ ተጠግቼ፣ አዲሱ ቤት ላይ የእርስዎ መደብ በየት በኩል ነው፣ ፀሐይ የሚገባበት ይሁን አልኋቸው። አፋፉን ቀና ብለው አዩት፣ እንጨት የተሸከሙት ሰዎች እንኳ እየቆሙ የሚያርፉበት ዳገት ነው። ከዚያ ጉልበታቸውን በእጃቸው አሸት አሸት አደረጉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። አባዬ ይህን ቤት ሲያፈርሱ የሚመለሱበትን ነው ያፈረሱት።

ከሙቀጫው ላይ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና አልጋቸውን የያዙትን ሁለት ሰዎች ጠሯቸው። ሰዎቹ ወደ አፋፉ መንገድ ጀምረው ነበር።

«እሱን ወደ ላይ አታውጡት» አሏቸው። «ወደ መንገዱ አውርዱልኝ። ከእሷ ጋር ነው የሚሄድ።»