የእትዬ እታፈራሁ ዲሽ

መቱ ውስጥ ጥበቡ ያልወጣበት ጣሪያ የለም። ጎሬ የተወለደ የጸሐፊ ልጅ ነው፤ አባቱ ቢሮ ይገባልኛል ብለው ሲጠብቁ እሱ ቆርቆሮ ላይ ወጣ። የቴሌቪዥን አንቴና ረጅም ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ታስሮ በሚተከልበት ዘመን ግንዱን አቅፎ የሚያዞረው እሱ ነበር። ከዚያ ሁለት ጎረምሳ የሚሸከመው ትልቁ ዲሽ መጣ፣ ከዚያ ትንሹ፤ ነገሩ በተለወጠ ቁጥር ጥበቡም መሰላሉን ተሸክሞ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። ዝናብ የማይጠግብ አገር ነውና ሥራ አጥቶ አያውቅም። ዛሬ ያጠበቀው ብሎን ከርሞ ይዝጋል፣ ኬብሉ ውኃ ይጠጣል፣ ሰውም መንገድ ላይ አስቁሞ «አንተ ሰውዬ፣ ትናንት ዜናው መሐል ላይ ተቆራረጠብኝ» ይለዋል፤ ዝናቡን እሱ የላከው ይመስል።

በ2013 ዓ.ም. ግድም የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ናይልሳትን እየተዉ ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ደግሞ ጉድ ፈላ። ዕድሜያቸውን ወደ ምዕራብ ሲያዩ የኖሩ ዲሾች ወደ ምሥራቅ መዞር ነበረባቸው። ማስታወቂያውን ችላ ያለ ሁሉ አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ ጠቁሮ ሲያገኘው የጥበቡ ደጅ መጥቶ ቆመ። ነጋዴው መጣ፣ መምህሩ መጣ፣ ከያዮ ድረስ ማር ይዞ የመጣም ነበር። ጥበቡ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ያዞረው የእትዬ እታፈራሁን ነው።

እትዬ እታፈራሁ በአጥር የሚዋሰኑት ጎረቤቱ ናቸው። ጤና ጣቢያ በጽዳት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ባላቸውን አቶ ሰይፈ ሚካኤልን በጊዜ ቀብረዋል፤ ያላቸው አንድ ልጅ አብነት ብቻ ነው። አብነት አዲስ አበባ፣ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ካሜራ ያነሣል። እሱ የቀረጸው ዜና ሲያልቅ ከሥር «ካሜራ፦ አብነት ሰይፈ ሚካኤል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። እትዬ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነውና «አብነት» ብለው ሳይጨርሱ ጽሑፉ እልም ይላል። ቢሆንም የጽሑፉን መልክ ያውቁታል፤ ማታ ማታ ሲጠብቁት ያመሹና «ያውና!» ይላሉ። ዜናው ስለ ምን እንደ ነበረ ቢጠየቁ ግን አያውቁም።

አንድ ቅሬታ ነበረባቸው። «ስሙን ያሳዩኛል፤ ፊቱን የሚያሳዩኝ መቼ ነው? ስንቱ ሲታይ የኔ ልጅ ብቻ ከኋላ ተደብቆ ይቅር?» ይሉታል ጥበቡን።

«ካሜራውን የያዘ ሰው አይታይም እኮ እትዬ።»

«ታዲያ ለአንድ ቀን እንኳ ለሌላ ሰው አያሲዝም?»

ዲሹ የዞረ ዕለት እሱ ከጣሪያ «መጣ?» እያለ፣ እሳቸው ከውስጥ «አልመጣም!» እያሉ ግማሽ ቀን ጮኹ። አዲሱ ሳተላይት ከፍ ያለ ነው፤ ዲሹ እንደ ድሮው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ሰማይ አንጋጦ ነው የሚያየው። በመጨረሻ ጥርት ብሎ ሲመጣ እትዬ ደጅ ወጥተው እልል አሉ። በምሥራቅ በኩል፣ ደጃፉ ላይ፣ አብነት ሦስተኛ ክፍል ሳለ ከፍሬ ያበቀለው አቮካዶ ቆሟል፤ ግቢውን ሁሉ የሚያጠላ ትልቅ ዛፍ ነው። ዲሹ በላዩ አልፎ ስለሚያይ ዛፉ ምንም አልከለከለውም። ይህን ጥበቡ ከማንም በላይ ያውቃል።

በሰኔ ወር አንድ ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፣ የዕድሩ ዳኛ ጋሼ ሸዋንግዛው ጥበቡን ከሥራ ላይ አስጠሩት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ብቻቸውን ቆመው ነበር።

«አብነት አረፈ» አሉት። «ዛሬ ጠዋት ለሥራ ሲሄዱ መኪናቸው ገደል ገባ። አስከሬኑ ሐሙስ ረፋድ ላይ ይደርሳል። መርዶውን ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ እናረዳታለን።»

መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ይዞ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው ይባላል። ይህን ያወጡ አባቶች ታዲያ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር መኖሩን አላወቁም።

«ስልኳን ዋሪቱ ቻርጅ ላድርግልዎት ብላ ትወስደዋለች» አሉ ጋሼ። ዋሪቱ የእትዬ የጓሮ ጎረቤት ናት። «የቀረው ቴሌቪዥኑ ነው። ዛሬና ነገ ማታ ፎቶውን ያወጡታል ተብሏል። ብቻዋን ተቀምጣ እንዳታየው። ያንተ ሥራ ነው ልጄ።»

«እሺ ጋሼ» አለ። ሌላ ምን ይላል?

እትዬ ግቢ ገብቶ «ከዝናቡ በኋላ ዲሹን ልየው ብዬ ነው» ብሎ መሰላሉን አስደገፈ። እትዬ «ተባረክ፣ አንተ ባትኖር ማን ነበረኝ» አሉት። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ዲሹን ጣት ታህል ገፋ አደረገው። ምስሉን ለማጥፋት ከዚያ በላይ አያስፈልግም ነበር።

ማታ ሻይ ቤት ተቀምጦ አብነትን አየው። ካሜራውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ሰው ዞሮ የሚስቅ ፎቶ ነው፤ የቴሌቪዥኑን መስኮት ሞልቶታል። አንዱ ከንፈሩን መጠጠ፤ ሌላው ባርኔጣውን አወለቀ። አገር ሁሉ የእትዬን ልጅ ፊት አየ። ጥበቡ ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ በአጥር ላይ ጠሩት። «ነካክተኸው ሄደህ ጭራሽ ጠፋ! ‹ኖ ሲግናል› ይለኛል። ምን ሆኖ ነው?»

ወጣ፣ የፈታ የገጠመ መሰለ፣ ወረደ። ዝናቡ ነው እንዳይል ፀሐይ ወጥታለች። ሪሲቨሩ ነው እንዳይል ይዘውት ገበያ ይወርዳሉ፤ ገበያ ደግሞ ወሬው ሞልቷል። ዓይኑ ዛፉ ላይ አረፈ። እትዬ የዚህን ዛፍ ቅርንጫፍ እንኳ አያስነኩም፤ ለሰርግ ዳስ ጭፈቃ የለመኗቸውን ጎረቤቶች በቁጣ መልሰዋል። ይህን ሰበብ ቢሰጣቸው ተክዘው ይቀመጣሉ፣ አንድ ቀን ያልፋል ብሎ አሰበ።

«ዛፉ ነው እትዬ። አድጎ ጋርዶታል» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

እትዬ ዛፉን ቀና ብለው አዩት። እሱም ከዕድሩ ሰዎች ጋር ድንኳን ሊያወጣ፣ መቃብር ሊያስቆፍር ሄደ።

አመሻሽ ላይ ሲመለስ ከእትዬ ግቢ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማ። ቀጀላ የሚባል፣ በሶር መንገድ እንጨት እየፈለጠ የሚያድር ሰው ነው፤ የሰፈር ሰው ስላልሆነ የአብነትን ሞት የነገረው የለም። ዋሪቱ ከግንዱ አጠገብ ቆማ ትለምናለች። «ማሎ እትዬ፣ ዛሬ ይቅር! ቀጀላ፣ ዲሲ! ተወው እባክህ!»

«ለምንድነው የሚቀረው? ምክንያት አለሽ?» አሉ እትዬ።

ዋሪቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጥበቡ አጥሩን ዘሎ ሲገባ ዛፉ ተሰንጥቆ ወደቀ። ያልበሰለው አቮካዶ በግቢው ሁሉ ተንከባለለ።

እትዬ ላባቸውን ጠርገው ወደ እሱ ዞሩ። «አብነት ሲመጣ ይቆጣኛል። ይቆጣ! ዛፍ ሌላ ይተከላል፤ እኔ ስሙን ሳላይ ማደር አልቻልኩም። በል ውጣ፣ አሁን ሰማዩ ተከፍቷል።»

ወጣ። በምሥራቅ በኩል እስከ ሩቅ ድረስ የሚጋርድ ቅጠል አልቀረም። ጣት ታህል ቢመልሰው ይመጣል፤ ዜናው ሊጀምር ነው፤ ፎቶው ዛሬም ይወጣል። ከሥሩ እትዬ ወንበራቸውን ሲያስተካክሉ ይሰማዋል። «እህ? አልመጣም እኮ!» አሉ ሳይጠይቃቸው። ፒንሳውን አወጣ። ኬብሉን ቆረጠው።

«ኬብሉ ተበላሽቷል እትዬ። ነገ አዲስ አመጣለሁ።»

ደጅ ወጥተው ፊቱን ትኩር ብለው አዩት። «አንተ ልጅ፣ አሞሃል እንዴ?» አሉት። እሱ መሰላሉን ሲያነሣ ገብተው በሩን ዘጉ።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ግቢውን ሞሉት። ጋሼ ሸዋንግዛው በሩን አንኳኩ። እትዬ ከፈቱ። ጋሼን አዩ፣ ቄሱን አዩ፣ ዋሪቱን አዩ፤ ዓይናቸው ሰዉን አልፎ ከኋላ፣ ከጉቶው አጠገብ የቆመው ጥበቡ ላይ ቆመ። ማንም ገና ቃል አልተነፈሰም።

«ጥበቡ» አሉ፤ «ታዲያ ዛፉን ለምን አስቆረጥከኝ?»

ከዚያ ወደቁ። ለቅሶው ተነሣ። ሬሳው ሲደርስ ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ድንኳኑ ሰዉን አልበቃውም፤ ድሮ ከዛፉ ሥር ይጠለል የነበረው ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆሞ ረጠበ። ጥበቡን የወቀሰው የለም። ጋሼ ሸዋንግዛው «የታዘዝከውን ነው የሠራኸው» አሉት። እሱ ግን ዛፉን እንዲዋሽበት ማንም እንዳላዘዘው ያውቃል።

አርባው ካለፈ በኋላ እትዬ ጠሩት። ሊረግሙኝ ነው ብሎ ሄደ፤ ቢረግሙት ደስ ባለው ነበር።

«ሁለት ማታ አሳዩት አሉ። ፊቱን።»

«አዎ እትዬ።»

«አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ምን ለብሶ ነበር?»

«ሰማያዊ ሹራብ።»

«አንገቱ ላይ ዚፕ አለው?»

«አለው።»

«እኔ ነኝ የላክሁለት» አሉ። እንባቸውን ጠረጉ። «በል ኬብሉን ቀጥልልኝ። ይደግሙት ይሆናል።»

ቀጠለላቸው። ይኸው ዓመታት አለፉ፤ እትዬ ከዜናው በፊት ይቀመጡና እስኪያልቅ አይነሡም። ከሥር የሚወጣውን የሌላ ሰው ስም አያነቡትም። ዝናብ ሲመጣ ምስሉ ይቆራረጣል፤ ያኔ በአጥር ይጣራሉ፤ ጥበቡም እራቱን ትቶ ይወጣል። አምና ከረጠበው ቆርቆሮ ተንሸራትቶ የጎድን አጥንቱ ተሰብሯል፤ ሚስቱ «ለሌላው እንቢ ትላለህ፣ ለሳቸው ግን ልትሞት ነው» ትለዋለች።

ጣቢያው ፎቶውን እንደማይደግመው ጥበቡ ያውቃል። አንድ ጊዜ ደውሎ ጠይቆ፣ ያለፈ ነገር ነው፣ ፋይሉም የት እንደ ገባ አይታወቅም ብለውታል። ይህን ለእትዬ መንገር አለበት። ለመርዶ ሰው ይሰበሰባል፣ ዳኛ ይቀድማል፣ ቄስ ይከተላል፤ ይኼኛውን ግን ብቻውን ሄዶ ነው የሚያረዳቸው። ዛሬ ነገ እያለ ድፍረቱን አላገኘም።

ትናንትም ዘነበ። ጠሩት፤ መሰላሉን ይዞ ወጣ።