ሥጋ የሚበላውን ሣር ለማየት ወደ ይፋግ

ዓርብ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ደብረ ታቦር

ከልጄ ከስንዱ ጋር ወደ ይፋግ የተነሣሁት ለጉብኝት አይደለም፤ ቃሏን ለመመርመር ነው። ስንዱ ዐረብ አገር ሦስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ልጅ ናት። ከሳምንት በፊት፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ከይፋግ በታች ካለው ረግረግ የውኃ ተክል እንድሰበስብላት ለሦስት ወር ልትቀጥረኝ ነው አለችኝ። ተክሉ ተባይ አጥምዶ ይበላል አለች። እንስሳ ሣር ይበላል እንጂ ሣር እንስሳ አይበላም ብዬ ከለከልኋት። ስታለቅስ ጊዜ፣ ሄጄ አያለሁ፣ ውሸት ከሆነ ግን አብረሽኝ ትመለሻለሽ አልኋት።

ያለ ምክንያት አልጠረጠርሁም። ያኔ ዐረብ አገር የላካት ደላላም ስለ ሥራው ጣፋጭ ወሬ አውርቶ ነበር። እሱን ግን አልመረመርሁትም። ጥቅስ እየጠቀሰ ሲናገር ደስ ብሎኝ ምሳ ጋበዝሁት። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነት ነው።

መናኸሪያው ላይ የሚኒባሱ ረዳት ከታሪፉ በላይ ጠየቀን። የታሪፉን ወረቀት አሳየኝ ስለው፣ “አባት፣ ትራፊክ ነዎት እንዴ?” አለኝ፤ ተሳፋሪው ሳቀ። እሱም አላሳየኝም፣ እኔም ትርፉን አልከፈልሁም። ዓለም በርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ብርዱ ቀረ፤ ጋቢዬን አጥፌ ጭኔ ላይ አኖርሁት። ወረታ ላይ መኪና ቀየርን። በመንገድ ላይ የስንዱ ስልክ ሁለት ጊዜ ጠራ። ሁለቴም መምህርቷ ናት አለች። ድምጿን አሰሚኝ አልኋት፤ አሰማችኝ። የሴት ድምፅ ነው። ደላላ ሴትም ትሆናለች ብዬ ስልኩን መለስሁላት።

አራት ሰዓት፣ ረግረጉ

ከይፋግ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ፣ በሩዝ ማሳ ድንበር ለድንበር አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ሄድን። ጭቃው ጫማዬን ሁለቴ አስቀረው። ስንዱ ጉልበቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብታ፣ ትንንሽ ቢጫ አበባ ካለው ተክል አንድ እፍኝ ጎትታ አመጣች። ሥር የለውም፤ ውትብትብ ያለ አረንጓዴ ክር ነው። ክሩ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ከረጢቶች ተደርድረዋል። ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ አኖረችው።

እኔ ለፈተና ብዬ ከቤት ቋንጣ በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ቁራጭ ጣልሁበትና ጠበቅሁ። ምንም የለም።

“አልበላም” አልሁ።

“አባባ፣ በሬ ይበላል መቼ አልኩዎት? እንካ ቢሉት የሚጎርስ አይደለም” አለችና አጉሊ መነጽር ሰጠችኝ።

እሷ እየነገረችኝ አየሁ። ከረጢቱ ውስጡ ያለውን ውኃ አስወጥቶ፣ ጎኑ ሰርጎድ ብሎ ይጠብቃል። አፉ ላይ በር አለ፤ በሩ ላይ ቀጫጭን ጸጉር። የውኃ ተባይ ጸጉሩን ስትነካ በሩ ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ውኃው ተባይዋን ይዟት ይገባል፤ በሩ መልሶ ይዘጋል። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነገሩ አልቋል። ከዚያ ቀስ እያደረገ ያሟሟታል። አርባ ዓመት በር የሠራሁ አናጢ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ፈጥኖ የሚገጥም በር ሠርቼ አላውቅም። በአንዱ ከረጢት ውስጥ ቁንጫ የምትመስል ነገር ስትወራጭ አየሁ።

“መውጫ የላትም?” አልሁ።

“የላትም። እኔ የሠራሁበት ቤትም በሩ ከውስጥ አይከፈትም ነበር” አለች።

ከተመለሰች ጀምሮ ስለዚያ ቤት አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። ያን ጊዜም አልጠየቅሁም። ሣሩ እውነት መሆኑ ሥራውን እውነት አያደርገውም ብዬ መንገድ ጀመርሁ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ይፋግ

ስንዱ የምታርፈው እማሆይ ትርንጎ ከሚባሉ መነኩሲት ቤት ነው። ማን ይመጣል፣ ማን ይደውላል፣ ማታ በሩን ማን ይዘጋል እያልሁ ጠየቅኋቸው። ስለ ውሸት ክፋትም ጥቂት ተናገርሁ። እንደዚያ እየተናገርሁ ጋቢዬን ስዘረጋ ወረቀቱ ወደቀ፤ የተረፈው ቋንጣ እግራቸው ሥር ተበተነ።

“ዓርብ ነው” አሉ እማሆይ።

“አውቃለሁ። ለእኔ አይደለም፣ ለሣር ነው።”

“ለሣር።”

“ሥጋ የሚበላ ሣር አለ፣ እማሆይ።”

አማተቡ። “እዚያ ረግረግ ሣር ሳጭድ ነው የሸበትሁት። በዓርብ ሥጋ የሚበላ ሰው አይቻለሁ፤ ሣር ግን አላየሁም” አሉኝ።

ያልሁት ሁሉ እውነት ነው፤ ለራሴ ጆሮ ግን ውሸት መሰለኝ። ስንዱን አየኋት። ዝም ብትልም አልፈርድባትም ነበር።

“እውነታቸውን ነው” አለች። “አባቴ በጾም ሥጋ አፋቸው አይገባም።”

መነጽሩን እንኳ ከቦርሳዋ አላወጣችም። እማሆይ እሷን አዩና፣ “እንግዲህ ልጅዎ ካለች” ብለው ሽሮውን አቀረቡልኝ። ቋንጣው ለውሻቸው ሆነ።

ምሽት አንድ ሰዓት፣ ደብረ ታቦር

ስንዱን ይፋግ ትቻት ብቻዬን ተመለስሁ። የተማርሁትን ልጻፍ። መጠርጠር ኃጢአት አይደለም፤ ደላላው ቤቴ በመጣ ቀን ጠርጥሬ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር። ጥፋቴ፣ ለእሱ የሚገባውን ጥርጣሬ ለልጄ ማውረሴ ነው። ስለዚያ ቤት መጠየቁ ገና ይቀረኛል።

ባለቤቴ በር ላይ ብቻዬን ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ። ሥራ ጀምራለች አልኋት።

“እንግዲያስ ሣሩ እውነት ነው?”

“እውነት ነው።”

“በምን አወቅህ?”

በመነጽር ያየሁት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለስሁት።

“ስንዱ ነገረችኝ” አልሁ።